የቲፎዞው ዋዜማ

በአገራችን ልማድ ዋዜማ ከበዓሉ የማይተናነስ ክብር አለው። የሚበላውና የሚጠጣው የሚሰናዳው በዋዜማው ነው፤ ቤቱ የሚጠረገው፣ ልብሱ የሚታጠበው፣ የሩቁ ዘመድ የሚጠበቀው በዋዜማው ነው። ሕዝቡ ከጣልያንኛ ወስዶ «ቲፎዞ» ብሎ የሰየመው የእግር ኳስ ደጋፊም የራሱ ዋዜማ አለው። ይሁንና በዓል የሚጠብቅ ሰው ነገ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ ቲፎዞ ግን አያውቅም። የሠርግ ይሁን የለቅሶ ሳይለይለት ድንኳን እንደሚተክል ሰው ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰው የሚጨነቀው ለምንድን ነው? ኳሷን እግሩ አይነካት። ቡድኑ ቢያሸንፍ ደመወዙ አይጨምር፤ ቢሸነፍም የቤት ኪራዩ አይንር። ሆኖም ግን ከታላቁ ግጥሚያ በፊት ባሉት ቀናት እንጀራው አልዋጥ ይለዋል፤ እንቅልፉ ይሸሸዋል፤ ሲያናግሩት የሚመልሰው ከተጠየቀው ጋር አይገናኝም። ይህን ጭንቀት ከሥራ ፈትነት የሚቆጥሩ አያሌ ናቸው። ነገሩን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ግን ከኳሷ ጀርባ አንድ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል፤ እርሱም የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ የሆነው ጎረቤት ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሚገናኙበት፣ «የሸገር ደርቢ» በሚባለው ግጥሚያ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ወደ መሐል አገር በሚገሰግስበት ወቅት፣ በአራዳ ወጣቶች ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣልያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑካን ቡድኖች ሲሰለፉ፣ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የቆመው ጊዮርጊስ ነበር። በዚህ ክለብ ማሊያ የተጫወቱት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። እንግዲህ የጊዮርጊስ ደጋፊ ሲኮራ የሚኮራው በዋንጫ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በታሪክም ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ ቡና የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሥሩ ከቡናው ንግድና ከቡናው ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለቱ ክለቦች መካከል የአርባ ዓመት ልዩነት አለ፤ የአባትና የልጅ ዕድሜ እንደ ማለት ነው። ጠባቸውም የአባትና የልጅ ጠባይ አለው። አንደኛው «እኔ ስወለድ የት ነበርክ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ዘመኑ የማን እንደ ሆነ አሁን እናያለን» ብሎ ይመልሳል።

በ2003 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ በአንድ የመሐል ከተማ አሮጌ ሰፈር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ የሚስት ሞት አግኝቶታል፤ ልጆቹን ድሮ ቤት አስይዟል። ጊዮርጊስን የወረሰው ከአባቱ ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ግብ ሲያገባ፣ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳየ ይናገራል። በእርግጥ አይቶ ይሁን፣ ወይስ አባቱ ደጋግሞ ሲተርክለት ሰምቶ አየሁ ብሎ ተቀብሎት ይሁን፣ እርሱ ራሱ ለይቶ አያውቅም። ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር።

ከጎኑ በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ተለይቶ የሚኖረው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜ ያንሰዋል። እናቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በቡና መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድረው ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ፣ ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ፣ የተሰበረውን ከደህናው ሲለዩ ኖረዋል። ልጁን ያሳደጉት በዚያ ገንዘብ ነው። ልብስ ሰፊው ስለ ክለቡ ሲጠየቅ ብዙ አያወራም። «እናቴ የለቀመችውን ነው የምደግፈው» ይላል፤ ክርክሩም በዚያ ያበቃል።

በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሁለቱ ክለቦች በተጋጠሙበት ዕለት ማታ ያሸነፈው ወገን ግድግዳዋን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ቃል አይናገርም፤ አይሳደብም፤ ያንኳኳል ብቻ። የተሸነፈው ደግሞ አልሰማሁም ሊል አይችልም፤ ቀጭን ግድግዳ ናትና። በነጋታው ማለዳ በራፍ ላይ ሲገናኙ ተሸናፊው አስቀድሞ «እንደምን አደራችሁ» የማለት ግዴታ አለበት። ይህ ሕግ ለሃያ ዓመታት ያህል ሳይሻር ቆይቷል።

ግጥሚያው አራት ቀን ሲቀረው መዝገብ ቤቱ ሰው ቡና መጠጣት ያቆማል። ሻይ ይጠጣል። በመሥሪያ ቤቱ ቡና ሲቀርብለት በእጁ ይመልሳል፤ የሚያውቁት ይስቃሉ፤ አዲስ የተቀጠሩት የጨጓራ ሕመም ያለበት ይመስላቸዋል። ልብስ ሰፊውም በበኩሉ በእነዚያው ቀናት ፈረሰኛው ሰማዕት በጠርሙሱ ላይ የተሣለበትን ቢራ አይቀምስም። በአንዱ የዋዜማ ሰሞን በግድግዳዋ በኩል የሚከተለው ተባባሉ።

«ጋሼ፣ ቡናው ተፈልቷል፤ እናቴ ብቅ ይበሉ እያለችዎ ነው።»

«ሻይ ጠጥቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

«የዘንድሮው ጠንከር ያለ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም ነው የምናጠጣዎ!»

«ፈረሰኛ ቡና አይጠጣም ልጄ። ሲኒያችሁን በፈረሱ ኮቴ ሰብሮት ያልፋል እንጂ!»

በዚህ ጊዜ የልብስ ሰፊው እናት ከውስጥ ሆነው ሁለቱንም ይገሥጻሉ፤ «የሰማዕቱን ስም ለኳስ አታድርጉት!» ይላሉ። እርሳቸው ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን የሚዘክሩ ናቸው። መዝገብ ቤቱ ሰው ለቡድኑ ስለት ተስሎ የማያውቀውም በእርሳቸው ምክንያት ነው። የቡናው ደጋፊ እናት እየዘከሩት፣ የጊዮርጊሱ ደጋፊ ቢሳልለት፣ ሰማዕቱ ለማን ይፈርዳል? የሰፈሩ የሙስሊም ባለሱቅ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። ይህች ከተማ እንዲህ ናት፤ ሰዎቿን የምታሰልፍበት መስመር በሌላ ቦታ ካለው መስመር ጋር አይገጥምም።

በዚያ ዓመት የመዝገብ ቤቱ ሰው ሥጋት ከወትሮው የበረታ ነበር። ጊዮርጊስ በ2000፣ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ዋንጫውን በተከታታይ ወስዷል። ይህ ተስፋ ሊሰጠው በተገባ ነበር። ዳሩ ግን ዘወትር የሚያሸንፍ ሰው ዘወትር የሚያጣው ነገር አለው። ቡና ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ጊዜ ዋንጫውን አላነሣም ነበርና የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን በዚያ ዓመት ኳስን ከእግር ወደ እግር እያቀባበለ ሲጫወት፣ ጠላት እንኳ ቢሆን ዐይኑን ሊነቅል አይችልም ነበር። መዝገብ ቤቱ ሰውም ይህን በልቡ ያውቃል፤ በአፉ ግን አይመሰክርም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውን አባባል በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር።

ሌሊት ተጋድሞ ነጥብ ይደምራል። ብናሸንፍ ይህን ያህል፣ እኩል ብንወጣ ይህን ያህል፣ ብንሸነፍስ? እዚያ ላይ ሲደርስ ይገላበጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በማለዳ ከኤፍ ኤም ራዲዮ የተጎዳ ተከላካይ ስም ይሰማል፤ ቀኑን ሙሉ የዚያ የማያውቀው ወጣት ጉልበት ያመዋል። ማታ ተጫዋቹ ልምምድ ጀመረ ሲባል እርሱም ይድናል። ኳስ ድቡልቡል ናት ይሉታል ወዳጆቹ ሊያጽናኑት። ይህ ማጽናኛ ከቶ እንዴት ሊያጽናና ይችላል? የሚያስጨንቀው ድቡልቡል መሆኗ አይደለምን?

ሕዝቡ «ካምቦሎጆ» እያለ በሚጠራው በአዲስ አበባ ስታዲየም የደርቢ ቀን የሚደረገውን ያላየ ሰው የዚህን ሰው ልብ ለመረዳት ይቸግረዋል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ የተባሉት መቀመጫዎች ስማቸውን ያወጣላቸው ሕዝቡ ራሱ ነው። ከፊሉ እንደ ኪሱ ከፀሐይ ጋር ይቀመጣል፤ ከፊሉ ከጥላ ሥር። ሌሊት የተነሣ ሰልፈኛ በረፋዱ ድምፁ ዘግቶ ይገኛል። ባለ ቪው ማሊያ በአንድ በኩል፣ ቡናማው በሌላው በኩል ይሞላል። ከበሮው ይመታል፤ አንዱ ወገን ግጥም አውጥቶ ያዜማል፤ ሌላው ወገን በዚያው ዜማ ገልብጦ ይመልሳል። ግጥሙን የደረሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ምናልባት የታክሲ ረዳት ነው፤ ምናልባት አስተማሪ ነው። ከሰዓት በኋላ የተወለደው ስንኝ ማታ በየመንደሩ ሕፃናት አፍ ላይ ይገኛል። ቴአትር ቤት ሥራውን ለማድመቅ ብዙ ይደክማል፤ እዚህ ግን ተመልካቹ ራሱ ተዋናይ፣ ራሱ ደራሲ፣ ራሱ ሃያሲ ነው።

ነገር ግን በዚሁ ስፍራ ዜማው የሚያቆምበትና ድንጋይ የሚነሣበት ጊዜም ታይቷል። ይህን መሸሸግ አይገባም። መዝገብ ቤቱ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ፕላስቲክ ወንበር በራሱ ላይ ሲያልፍ ጎንበስ ብሏል። በእነዚያ ጊዜያት አንድ ነገር ተገንዝቧል። ከወዲያኛው ወገን አንድ እንኳ በስም የሚያውቀው ሰው ያለው ደጋፊ ድንጋይ አይወረውርም፤ ድንጋዩ በማን ላይ እንደሚያርፍ ያስባልና። የሚወረውረው ከወዲያ ያለው ሁሉ ፊት የሌለው፣ እናት የሌለው፣ ግድግዳ የማይጋራው የሚመስለው ነው። ብሽሽቅ ዝምድና ይፈልጋል። ለማያውቁት ሰው የሚወረወር ቃል ስድብ ነው፤ ለሚያውቁት የሚወረወር ግን ጨዋታ ሊሆን ይችላል።

እርሱ ይህን የተማረው ከስታዲየሙ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ ባረፈችበት ዓመት፣ አርባዋ ሳይወጣ፣ ሁለቱ ክለቦች ተጋጥመው ጊዮርጊስ ተሸነፈ። በዚያ ሳምንት መዝገብ ቤቱ ሰው ስታዲየም አልሄደም፤ ውጤቱን የሰማው ከመንገድ ጩኸት ነው። ማታ መብራቱን አጥፍቶ ተቀመጠና የግድግዳዋን መንኳኳት ጠበቀ። አልተንኳኳም። ከወዲያ በኩል የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። በነጋታው ማለዳ በሩን ሲከፍት ልብስ ሰፊው በራፉ ላይ ቆሞ አገኘው፤ ያሸነፈው ልብስ ሰፊው ሆኖ ሳለ፣ አስቀድሞ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ያለው እርሱ ነበር። ሕጉ የተጣሰው በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ስለዚህም ነገር በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለውን መዝገብ ቤቱ ሰው ከዚያ ወዲህ እንደ ተራ አባባል አይሰማውም።

በ2003ቱ ዋዜማ እንግዲህ ከነጥቡ ድምር በታች የተኛ ሌላ ሥጋት ነበረ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። ለልብስ ሰፊው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወጥቶለት፣ በከተማው ዳር ከሚገኝ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁልፍ ተረክቧል። ደስታ ነው፤ የሚጠላ ነገር የለውም። ውሃ ከቤት ውስጥ ይገባለታል፤ እናቱ በክረምት ከሚያፈሰው ጣራ ይገላገላሉ። መዝገብ ቤቱ ሰው ራሱ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ሄዶ ጨብጦታል። ነገር ግን ከግጥሚያው ሁለት ሳምንት በኋላ ያች ወዲያኛው ክፍል ባዶ እንደምትሆን ያውቃል። የሚቀጥለው ደርቢ ሲመጣ ጊዮርጊስ ቢያሸንፍ የሚያንኳኳው ለማን ነው? ቢሸነፍስ ማን ያንኳኳበታል?

ከዚህ ላይ ነው የቲፎዞ ጭንቀት እውነተኛ ገጽታው የሚገለጠው። ደጋፊ የሚመኘው የተቃራኒውን ሽንፈት ነው፤ መጥፋቱን ግን አይደለም። እንዲያውም ከሽንፈት ይበልጥ የሚያስፈራው ተፎካካሪው የሌለበት ድል ነው። ብቻውን የቆመ ክለብ ዋንጫ ሊሰበስብ ይችላል፤ ዋዜማ ግን ሊኖረው አይችልም። ቡና ባይኖር ጊዮርጊስ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር፤ ጊዮርጊስ ባይኖር ቡና የሚያሳድደው ባጣ ነበር። ሁለቱ ደጋፊዎች አንዱ የሌላውን ደስታና ኀዘን በአደራ ይዘው የሚኖሩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይህ ሥጋት የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ አሳይቷል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ከተሞች ግጥሚያዎች በሁከት ሲቋረጡ ታዩ፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ባዕድ የሚያይ ስሜት ወደ ሜዳው ገብቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ ሊጉ ሳይፈጸም ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ ሲቀጥል ባዶ ወንበሮች ፊት ተጀመረ፤ ግጥሚያዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ በሳተላይት ቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፉ ጀመር። ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መጫወት በመጀመራቸው፣ በ2014 ዓ.ም. ሊጉ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በባሕር ዳር ሲዘዋወር፣ የሸገሩ ደርቢ ከሸገር ውጭ የሚታይ ሆነ። የተጫዋቹ ጩኸት፣ ኳሷ ስትመታ የምትሰጠው ድምፅ፣ የአሠልጣኙ ትእዛዝ ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ይህን ያህል ጥርት ብሎ መሰማቱ ምን እንደ ጎደለ አስታወቀ። ቲፎዞ ለጨዋታው ተጨማሪ ጌጥ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ያን ጊዜ አንድም ቃል አላገኙም።

ዛሬ ላይ ሆኖ ያንን ዓመት ለሚያስታውስ ሰው የነገሩ ፍጻሜ የታወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቡና የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ፤ ከተማዋም ቡናማ ለበሰች። በ2004 ዓ.ም. ጊዮርጊስ መልሶ ወሰደው። ታሪክ እንዲህ በሁለት መስመር ይጻፋል። በዋዜማው ሌሊት ግን ከሁለቱ ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሌሊት መዝገብ ቤቱ ሰው ነጥቡን ደምሮ ሲጨርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። የነገውን ልብስ ወንበር ላይ አኑሯል፤ ያው በድል ቀን የሚለብሰው ያረጀ ሹራብ ነው። ከወዲያኛው ክፍል ዕቃ ሲጎተት ይሰማል፤ ካርቶን ይታሰራል፤ የእናትየው ሳል መጣ፤ ቆየት ብሎ የስፖርት ፕሮግራም ከፈተ። መዝገብ ቤቱ ሰው የራሱን ራዲዮ ሲከፍት ያው ድምፅ፣ ያው ጋዜጠኛ፣ ያው የተሰላፊዎች ግምት ነበር። አንድ ድምፅ ከግድግዳዋ ግራና ቀኝ እኩል ይናገራል።

ጋዜጠኛው የሁለቱን ቡድኖች የቀድሞ ግጥሚያዎች እያነሣ ሳለ፣ ግድግዳዋ ተንኳኳች። አንድ ጊዜ ብቻ። በሃያው ዓመት ውስጥ በዋዜማ የተንኳኳችበት ጊዜ አልነበረም።

መዝገብ ቤቱ ሰው ጥቂት አሰበ። ከዚያም ከአልጋው ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ መለሰ።